የሐሙስ ቅቤ

ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ቀን ሸዋነሽ የፕላስቲክ ወንበሯን ሳሎኗ በር ላይ አውጥታ፣ እግሯን አነባብራ ማዶውን ታይ ነበር። ማዶ ያለው የጀውሃራ የውበት ሳሎን ነው። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ደንበኛ የጀውሃራን በር አልረገጠችም። የሸዋነሽንም አልረገጠችም። ይህ ሊያጽናናት ይገባ ነበር። ጀውሃራ ግን ደንበኛ ባይኖራትም ሥራ ነበራት፤ ሸዋነሽን ያንገበገባትም ይኸው ነው።

ሚዛን ተፈሪ ላይ የሴት ፀጉር የሚሠራው በቡና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቡናው ሲቀላ ብር ይገባል፤ ብር ሲገባ ሠርግ ይደገሳል፤ ሠርግ ሲደገስ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ለመቀመጥ ወረፋ ይያዛል። ክረምት ላይ ግን ቡናው ገና አረንጓዴ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሄደዋል። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ሠርግ የሚባል ነገር የለም። ዝናቡም አለ፤ ፀጉሯን ያስተኮሰች ሴት ባጃጅ እስክታገኝ ድረስ የተተኮሰው ሁሉ ተመልሶ ይከረደዳል። ስለዚህ በእነዚህ ወራት የከተማው ፀጉር ሠሪ ሁሉ ቁጭ ይላል። ሸዋነሽ በሙያው አሥራ ስምንት ዓመት ስትቆይ አሥራ ስምንቱንም ክረምት ቁጭ ብላለች። ቁጭ ማለት የሙያው ደንብ ይመስላት ነበር።

ጀውሃራ ከአጋሮ መጥታ ፊት ለፊቷ እስክትከፍት ድረስ ማለት ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ከተማው ሁሉ ባዶ ቤት ሞልቶት እሷ እዚህ ጋ፣ ልክ አፍንጫዋ ሥር መክፈቷ ንቀት ካልሆነ ምንድን ነው? ሦስት ዓመት ሙሉ ሸዋነሽ ይህን ጥያቄ ስትጠይቅ ኖራለች። ጀውሃራ ግን የናቀች አትመስልም፤ በየጠዋቱ «እትዬ ሸዋነሽ፣ እንዴት አደርሽ?» ትላታለች። ሰላምታዋም ያናድድ ነበር።

ሰኞ ዕለት ጀውሃራ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲኖቿን ሁሉ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋ አጠበች፤ የተሰበረውን ጣለች፤ ደህናውን በመጠን በመጠኑ ለየች። ማክሰኞ ወንበር ላይ ወጥታ ግድግዳዋን ራሷ ቀለም ቀባች። ረቡዕ ሁለቱን ሠራተኞቿን አንዷን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ አንዷን ከኋላ አቁማ እየተፈራረቁ እንዲሠራሩ አደረገች፤ ራሷም ከጎን ቆማ «ፍቺና ድገሚ» ትላለች። በዚያው ሳምንት ከወገብ በታች የተቀደደውን መጋረጃዋን አውርዳ ወፍራም ጨርቅ ሰቀለች። ከመጋረጃው ጀርባ ሻሽ የሚያደርጉ እናቶችና ልጃገረዶች ወንድ ያየኛል ሳይሉ ፀጉራቸውን ፈትተው ይቀመጣሉ። ሸዋነሽ መጋረጃውን ባየች ቁጥር ራሷን ትጠይቃለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እነዚህ ሴቶች በደጃፏ ሲያልፉ አይታለች፤ አንድ ቁራጭ ጨርቅ መስቀል ለምን አልመጣላትም?

ቀናች። ሌላ ስም ልስጠው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ምሳዋን ስትበላ ማዶ እያየች ቀናች፤ ስትጸልይም መሃል ላይ ያ መጋረጃ ትዝ እያላት ቀናች። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይላሉ፤ ሸዋነሽ የምትቀደው ቆብ እንኳ ስላልነበራት የገዛ አንጀቷን ትቀድ ነበር።

ልትሠራው የሚገባ ሥራ ቢጠፋ አንድ ነገር ነው። ግን ነበረ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የፀደንያ እናት መጥተው ነበር። ባላቸው ከቴፒ እስከዚህ ድረስ የታወቁ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ የቤቱ ሴቶች በሙሉ የሸዋነሽ ደንበኞች ናቸው። ልጃቸው ፀደንያ በጥር ልታገባ ነው።

«የሠርጉን ቀን የፈለገችውን ትሁን» አሉ እናትየው። «ለመልሱ ግን እኔ እንደተዳርኩት አድርጌ ነው የማቀርባት። ያ ክር የመሰለው ቀጭን ሹሩባ፣ ከግንባር ተነስቶ እስከ ማጅራት የሚወርደው። የእማማ የሺሃረግ እጅ ያለው አንቺ ጋ ነው ብለውኛል።»

«እኔ ጋ ነው» አለች ሸዋነሽ፣ ዐይኗን በጨው አጥባ።

«እንግዲያው መስቀል ይለፍና አመጣታለሁ፤ ሠርተሽ ታሳዪኛለሽ። ካማረኝ የሚዜዎቹንም፣ የእኛንም አንቺው ነሽ የምትሠሪው። ካላማረኝ ደግሞ አልደብቅሽም፣ ሌላ እፈልጋለሁ።»

ሌላ ማለት ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። የፀደንያ ቤት ወደ ማዶ ከተሻገረ ዘመዱ ሁሉ፣ ጎረቤቱም ሁሉ ተከትሎ እንደሚሻገር ሸዋነሽ አልጠፋትም። ጣቶቿ ያን ሹሩባ ከሠሩ አሥራ አንድ ዓመት እንዳለፋቸውም አልጠፋትም።

እማማ የሺሃረግ ሙያውን ያስተማሯት ሴት ናቸው። ሸዋነሽ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከሆሳዕና ወጥታ በአጎራባቿ ከተማ በአማን አክስቷ ቤት ስታርፍ፣ እማማ የሺ በጎረቤት፣ በቤታቸው ጣራ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው የአገሩን ሴት ሁሉ ሹሩባ ይሠሩ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጣ ታይ የነበረችውን ልጅ አንድ ቀን ሚዶ ሰጧት። አራት ዓመት አስተማሯት። በኋላ ሸዋነሽ ካስክ ገዛች፣ ሳሎን ከፈተች፤ በፒያስትራ ፀጉር መተኮሱ ቶሎ የሚያልቅ፣ ቶሎ የሚከፈል ሥራ ሆነና ሹሩባው ተረሳ። መጀመሪያ በየሳምንቱ እሑድ ትጠይቃቸው ነበር፤ ቀጥሎ በዓል በዓል፤ ቀጥሎ በስልክ፤ በመጨረሻ ወደ አማን የሚሄድ ሰው ስታገኝ «ሰላም በይልኝ» ማለት ብቻ ቀረ። ሥራ በዛብኝ ትል ነበር። ያን የምትለውም በነሐሴ፣ በሯ ላይ ተቀምጣ ነው።

በዚህ ዓይነት ስትብሰለሰል ነበር ሐሙስን ያስተዋለችው። በየሐሙሱ ከምሳ በኋላ ጀውሃራ ሳሎኗን ለሠራተኞቿ ትታ፣ ወይን ጠጅ ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ፣ ፌስታል አንጠልጥላ ወደ አማን በሚሄድ ባጃጅ ትሳፈራለች። ፌስታሉ ውስጥ ምን እንዳለ ያየችው አስካለች ናት። አስካለች ከሸዋነሽ ጎን ልብስ ትሰፋለች፤ ከመኪናዋ መርፌ አፏ ይፈጥናል።

«ቅቤ ነው» አለች አስካለች። «በኮባ የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ። አንድ ጠርሙስ ማርም አለ፤ የሸኮ ማር፣ ነጩ።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ሸዋዬ፣ ፍልሰታ ነው እኮ። በፍልሰታ ቅቤ ይዘሽ የየትኛው ክርስቲያን ቤት ትሄጃለሽ? ዘመድ ደግሞ እዚህ የላትም፤ ከአጋሮ ብቻዋን ነው የመጣችው። ቅቤና ማር ተይዞ በቀን ተለይቶ የሚኬደው የት ነው? አዋቂ ቤት ነው። ገበያ የሚስብ መድኃኒት አሠርታለች። እኔስ ያቺ መጋረጃ እንዲያው አልጣመችኝም።»

ሸዋነሽ መጀመሪያ ሳቀች።  ትንሽ ቆይታ የፍልሰታን ነገር አሰበችው፤ እውነትም በጾም ቅቤ የሚቀበል ክርስቲያን የለም። ነገሩ ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት። ጀውሃራ በአዋቂ መድኃኒት ከሆነ የበለጠቻት፣ ያ ሁሉ ማጠብና ቀለም መቀባት ለይምሰል ነው ማለት ነው፤ እሷም በስንፍና አልተበለጠችም ማለት ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ የክረምቱ ሁሉ ቅናት አንድ የሚለጠፍበት ቦታ አገኘ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጀውሃራ የተሳፈረችበት ባጃጅ ገና ከዐይን ሳይጠፋ ሸዋነሽ ሌላ አስቁማ ገባች። አጠገቧ ዶሮ የታቀፉ አዛውንት፣ ከፊት ጆንያ የጫነ ጎረምሳ ነበሩ። ዝናቡ በሸራው ቀዳዳ ጉልበቷ ላይ ይንጠባጠባል። ባለ ባጃጁን «ያችን ተከተል» ማለት አሳፈራትና «ዝም ብለህ ወደ አማን ንዳ» አለችው። አማን ገብተው ወይን ጠጁ ቦቲ መሬት ሲረግጥ ሲታያት ወረደች።

ጀውሃራ ከአስፋልቱ ወረድ ብላ ቡናና ኮባ በግራ ቀኝ የበቀለበትን የጭቃ መንገድ ያዘች። ሸዋነሽ በጫማዋ ጭቃ እየጎተተች፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ተከተለች።  ዛሬ በዐይኔ አይቼ ነገ ለአስካለች፣ ከነገ ወዲያ ለከተማው እያለች ነበር። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ እግሯ ራሱ ቀድሞ ታጠፈ። የቦዩን ድንጋይ ሳታየው ተሻገረችው። አረንጓዴ ቀለም የተቀባው የቆርቆሮ በር ላይ ስትደርስ ነው የገባት። በሩ ከታች ጎድጎድ ያለ ነው፤ ያጎደጎደችው እሷ ናት፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ውኃ የሞላ ባሊ ጥላበት።

ወይን ጠጁ ቦቲ ደጃፉ ላይ ወልቆ ተቀምጧል።

ልትመለስ ዞራ ነበር። ከውስጥ ግን «ማነው እሱ በር ላይ የቆመው?» የሚል ድምፅ መጣ። እማማ የሺሃረግ ዐይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ጆሯቸው ዶሮ ስትራመድም ይሰማል። ጀውሃራ ብቅ አለች። አየቻት። ጭቃ የበላውን ጫማዋንም፣ ቅንድቧ ላይ የደረሰውን ነጠላዋንም አየች።

«እትዬ ሸዋነሽ ናት፣ እማማ» አለች ወደ ውስጥ።



«ሸዋነሽ?» አሉ እማማ የሺ። «ደግ ቀን ነው የመጣሽው። ራስ አጥተን ነበር። የምንሠራባት የጎረቤቴ ልጅ ዛሬ ቀርታብናለች። ግቢ፣ ተቀመጪ።»

የት ነበርሽ ቢሏት ይሻላት ነበር። ጉልበታቸውን ስማ «ሥራ በዝቶብኝ» ልትል አፏን ከፈተችና ጀውሃራ እዚያው ቆማ ስለነበር መልሳ ዘጋችው። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ጀውሃራ ከኋላዋ ተቀምጣ ነጠላዋን ገለጠች። የፀጉር ባለሙያዋ ሸዋነሽ ፀጉር ከሐምሌ ጀምሮ ሚዶ አላየም ነበር። ጀውሃራ ኮባውን ፈትታ ከለጋው ቅቤ በመዳፏ አሽታ የሸዋነሽን አናት ቀባች። አዋቂ ቤት ይሄዳል የተባለው ቅቤ ይኸው ነው፤ ቀዝቃዛና የአዲስ ወተት ሽታ ያለው ሆኖ በጆሮዋ ሥር ወረደ።

ከዚያ ጀውሃራ መጎንጎን ጀመረች። ሸዋነሽ ዐይኗን ጨፈነች። ሚዶው ከግንባሯ ላይ መስመር ሲያወጣ፣ ትንሿ ጣት ቆዳውን ያዝ አድርጋ ሌሎቹ ሲስቡ፣ ሳያሳምም ጠበቅ የሚያደርገው ያ አሳሳብ የማን እንደሆነ ታውቀዋለች። የእማማ የሺ እጅ ነው። እሷ ራሷ አራት ዓመት የተማረችው፣ የኔ ነው ብላ በአፏ የምትምልበት እጅ፣ አሁን በዚች በአጋሮ ልጅ ጣት ራሷ ላይ ይሄዳል። በሕይወቷ እንደዚያ ቀንታ አታውቅም። መጋረጃው ምንም አልነበረም። ዐይኗ እርጥብ አለ፤ ቅቤው ነው እንዳትል ቅቤው ገና ግንባሯ ላይ አልደረሰም።

«መቼ ጀመረች?» ብላ ጠየቀች፣ ጀውሃራን ሳይሆን እማማን።

«አምና ክረምት» አሉ። «ገበያው ሲቀዘቅዝ መጣችና እማማ፣ ያስተምሩኝ አለችኝ። ክረምት ክረምት እየመጣች ትማራለች። ለራሴ የሚቀባ ቅቤና ማር ታመጣልኛለች። እኔም ደስ ይለኛል፤ የሚጠይቀኝ ሰው እንደሆነ የለም።»

ጎንጉና ስትጨርስ ጀውሃራ ተነሣች። እማማ የሺ በጣታቸው ከግንባር እስከ ማጅራት መስመር በመስመር ዳበሱ። «አምስተኛዋ ላልታለች» አሉ። ጀውሃራ «እሺ እማማ» ብላ ፈታችና ደገመች።

«የፀደንያ እናት እኮ እዚህም መጥታ ነበር» አሉ እማማ የሺ በዚህ መሃል። «እጅዎ ማን ጋ ነው ያለው አለችኝ። ሸዋነሽ ጋ ነው አልኳት። የበኩር ልጄ አንቺ አይደለሽ?»

ጀውሃራ እዚያው ነበረች። ይህን ስትሰማ ሁለተኛ ጊዜዋ መሆን አለበት፤ እጇ አልቆመም።

«በሉ አሁን ተቀያየሩ» አሉ። «አንቺ ደግሞ ሥሪያት፣ ሸዋነሽ። እጅሽን ልይ።»

ጀውሃራ ሻሿን አውልቃ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሦስት ዓመት የጠላቻት ሴት አንገት በሸዋነሽ ጉልበቶች መካከል ሆነ። ሸዋነሽ ሚዶውን ያዘች። መስመሩ ጠመመ። አስተካከለችው፤ እንደገና ጠመመ። ጣቶቿ ፒያስትራ መያዝ ለምደው ደንድነዋል፤ ቀጭኑን ጉንጉን ሲይዙ ያመልጣቸዋል። ጀውሃራ ሦስት ጊዜ ሲያማት አንገቷን ሰበር አደረገች፣ ድምፅ ግን አላሰማችም። ስምንት መስመር እስክትጨርስ ዝናቡ መጥቶ ሄዶ ተመልሶ መጣ።

እማማ የሺሃረግ እጃቸውን ዘረጉ። አንደኛውን ዳበሱ። ሁለተኛውን ዳበሱ። ሦስተኛው ላይ ቆሙና ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ሌላ ሰው ገብቷል እንዴ?» አሉ። «ይሄን እጅ አላውቀውም።»

 ጀውሃራ መሬት መሬቱን ታያለች።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለች ሸዋነሽ በመጨረሻ። «ሸዋነሽ ነኝ።»

እማማ የሺ እጃቸውን ከጀውሃራ ራስ ላይ አላነሡም። ደግመው ዳበሱት፣ ተሳስቼ እንዳይሆን እንደሚል ሰው። ከዚያ ቀስ ብለው እጃቸውን ሰብስበው ጭናቸው ላይ አደረጉ። 

ሸዋነሽ መሄድ ትችል ነበር። ጫማዋ ደጅ ነው፣ መንገዱን ታውቀዋለች። ግን የማዶዋን ሴት አንገት አየች፣ ጠማማ መስመሮቿንም አየች፤ እኔ ወጥቼ ይቺ ቀርታ ከምትማር ብሞት ይሻለኛል አለች በሆዷ። ያስቀራት ትሕትና አይደለም፣ ቅናት ነው። ሚዶውን አንሥታ ስምንቱንም ፈታችና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ከዚያ ወዲያ በየሐሙሱ ሁለቱም ሳሎኖች ባለቤቶቻቸውን አጡ። አስካለች ሁለቱም አዋቂ ቤት ገብተዋል ብላ አወራች፤ የአዋቂውንም ስም ከየት እንዳመጣችው እንጃ እስከ መጥራት ደረሰች። ሸዋነሽ በሌሎቹም ቀናት በር ላይ መቀመጥ ተወች፤ ጎረቤት፣ ባለ ሱቅ፣ ሻይ የምታፈላዋ ሴት፣ ፀጉር ያለው ሁሉ ወንበሯ ላይ እየተቀመጠ በነፃ ተጎነጎነ። ጀውሃራ ማታ መብራቷን ሳታጠፋ እሷም አላጠፋችም። ማዶዋን ግን ማየት አልተወችም።

መስቀል አለፈና የፀደንያ እናት ልጃቸውን ከእህቷ ጋር ይዘው መጡ። እማማ የሺሃረግም በባጃጅ መጡ። ሸዋነሽ ፀደንያን ስትይዝ፣ ጀውሃራን ከማዶ ጠርታ «እህትየዋን አንቺ ያዢልኝ» ያለቻት ራሷ ናት፤ ከእነዚያ ሁሉ ሐሙሶች በኋላ እንደማታውቃት መሆን አልቻለችም። እናትየው ሻይ እየጠጡ ይጠባበቃሉ። ቡናው ቀልቶ ነበርና ደንበኞችም በር ላይ ቆመው ያያሉ።

ሲያልቅ እማማ የሺ ማንም ሳይነግራቸው የፀደንያን ራስ ዳበሱ። ከግንባር እስከ ማጅራት፣ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ።  የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ሸዋዬ» አሉ።

 የፀደንያ እናት ብርጭቋቸውን አስቀምጠው «እንግዲህ በጥር የሚዜዎቹንም አንቺው ጋ» አሉ። ሸዋነሽ አልሰማቻቸውም። ፎጣ ለማምጣት ብላ ጓዳ ገብታ ፊቷን ታጥባ ወጣች።

ስትወጣ እማማ የሺ በጀውሃራ የተሠራውን የእህትየዋን ራስ እየዳበሱ ነበር። ፈገግ ብለዋል። ጣታቸው እዚያ ላይ ትንሽ ቆየት አለ፤ ከፀደንያ ራስ ላይ ከቆየው ትንሽ፣ እንዲያው ለዐመል ያህል በለጠ። ሌላ ሰው አላየውም። ሸዋነሽ አየችው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሳሎኗ በደንበኛ ተሞልቶ ሳለ በጠዋት ተነሥታ ገበያ ሄደች። ከነበረው ሁሉ ትልቁን የቅቤ ጥቅል መርጣ ገዛች። ወደ ማዶ ሳታይ፣ ምሳ ሳትበላ፣ ከተለመደው ሰዓት አስቀድማ ባጃጅ ያዘች። የቦዩን ድንጋይ ተሻግራ አረንጓዴው በር ጋ ደረሰች።

ወይን ጠጁ ቦቲ ደጃፉ ላይ ወልቆ ተቀምጧል።